ቱታ፣ ላልቶ ሲነበብ

ባለፈው ክረምት፣ በአንድ ዝናባማ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ክራባቴን እንኳ ሳልፈታ ከሥራ በቀጥታ ወደ አክስቴ ሱቅ ሄድሁና ቱታ መስፋት እንደምፈልግ ነገርኋቸው። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ አብራቸው የኖረች ባለ መርገጫ ሲንጀር አለቻቸው፤ ከእሷ ጋር ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ ባንኩ አሰናበተህ እንዴ? ጋራዥ ልትገባ ነው?»

«ኧረ አይደለም እትዬ። እንዲያው እኔው ራሴ ልሰፋው አምሮኝ ነው።»

«አንተው ራስህ!» አሉና ሳቃቸውን ለቀቁት።

እውነታቸውን ነው። እኔ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ የምቆጥር፣ ማታ ማታ ደግሞ ግጥም ቢጤ የምሞካክር ሰው ነኝ። መርፌ የምይዘው የሸሚዝ ቁልፍ ሲረግፍብኝ ብቻ ነው። ወደዚህ ጣጣ ያስገባኝ ልብሱ ሳይሆን ቃሉ ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ መካኒክ ሰማያዊ ቱታውን እንደ ለበሰ ገንዘብ ሊያወጣ መጣ። እጁን በጨርቅ ደጋግሞ ጠርጎ፣ ቅጹን እንዳያቆሽሽ ተጠንቅቆ ፈረመ። እሱ ሲወጣ ባልደረባዬ «የባለቱታው ፊርማ እንዴት ያምራል!» አለችኝ። ሁለቱ ቃላት ጆሮዬ ላይ ቀሩ። ፊርማ ከጣልያንኛ የመጣ ቃል መሆኑን አውቅ ነበር። ቱታስ?

ቱታም ጣልያንኛ ነው። ብቻውንም አልመጣም። ጠዋት ተነሥቶ የሚለብስ ከተሜ ራሱን ቢፈትሽ፣ የጣልያንኛ መዝገበ ቃላት ለብሶ ነው ከቤቱ የሚወጣው፤ ካናቴራው፣ ሙታንታው፣ ካልሲው፣ የሸሚዙ ኮሌታ፣ ባርኔጣው፣ ትከሻው ላይ ያንጠለጠላት ቦርሳ። እነዚህ ሁሉ ግን እንደ ማንኛውም ቃል ከሕዝብ አፍ የተወለዱ ናቸው፤ ማን እንዳወጣቸው የሚጠይቅ የለም። ቱታ ይለያል። ቱታ አባት ያለው ቃል ነው። ከፈረንሳይኛ ጋር ሊያዛምዱት የሚሞክሩ የቋንቋ ሰዎች መኖራቸውን አልክድም፤ እኔ ግን ልብሱን ከነስሙ ለሕዝብ ባቀረበው ሰው ማብራሪያ እረጋለሁ። ግጥም የሚወድ ሰው ለምን ወደዚያ እንዳደላሁ ወደ ታች ሲደርስ ይገባዋል።

ከተማዪቱ ፍሎረንስ ናት፤ ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግሥት። (የምጠቅሳቸው የውጭ አገር ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያች ከተማ በ1893 የተወለደ ኤርኔስቶ ሚካሄልስ የሚባል ወጣት ሠዓሊና ቀራጺ ነበር። ቅድመ አያቱ ሂራም ፓወርስ በ1837 ከአሜሪካ መጥቶ ፍሎረንስ ላይ የተቀመጠ ስመ ጥር ቀራጺ ነው፤ ጥበብ በቤቱ አዲስ አልነበረም። ወጣቱ ለራሱ አዲስ የብዕር ስም ቢጤ አወጣና ‹ታያት› ተባለ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከግራ ቢያነቡትም ከቀኝ ቢያነቡትም አንድ ነው። በእኛ ፊደል ይህ ጨዋታ ይጠፋል፤ በምትኩ ‹ታያት› የሚል ሙሉ አማርኛ ይወጣዋል። ለየትኛዋ ሴት ምን እንደ ታያት ይግረመን እንጂ፣ ስሙን ያገኘሁት ሌሊት ብቻዬን ስቄያለሁ።

ጦርነቱ ጣልያንን ከአሸናፊዎቹ ወገን ቢያቆማትም ኑሮው ተወዶ፣ የጨርቅ ዋጋ ሰማይ ወጥቶ ነበር። ታያት ከወንድሙ ከሩጄሮ ጋር ሆኖ በ1919 እና በ1920 መካከል አንድ ልብስ ነደፈ። ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ወጥ የሆነ፣ ሸሚዝንና ሱሪን ያዋሐደ፣ በቀጥታ መስመሮች የሚቆረጥ፣ ስፌቱም ቁልፉም ጥቂት፣ ወገቡ ላይ በቀበቶ የሚታሰር። ተቆራርጦ የሚጣል ጨርቅ እንዳይበዛ ተጠንቅቆ ነው ያሰመረው። ርካሽ ጥጥ ይበቃዋል። ኮት፣ ሰደርያ፣ ክራባት፣ አንገት የሚያንቅ ኮሌታ፣ ይህን ሁሉ የሚያስቀር ልብስ ነው። (ክራባቴን እንዳሰርሁ ይህን ሳነብ ምን እንደ ተሰማኝ አንባቢ ይገምት።)

እኔን የማረከኝ ግን ከዚያ ያደረገው ነገር ነው። ልብሱን እየሰፋ የሚሸጥበት ሱቅ አልከፈተም። ቅዱን ለጋዜጣ ሰጠ። ጁን 17 ቀን 1920፣ በእኛ ሰኔ 10 ቀን 1912 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በነገሡ በአራተኛው ዓመት፣ ‹ላ ናጽዮኔ› የተባለው የፍሎረንስ ጋዜጣ የቱታን ቅድ አወጣው። የሴቶቹም ቅድ ተከተለ። መቀስና መርፌ ያለው ሰው ሁሉ ጋዜጣውን ይዞ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ የራሱን ልብስ ራሱ እንዲሰፋ። ግጥም በጋዜጣ መውጣቱ ለእኔ ብርቅ አይደለም፤ ልብስ በጋዜጣ ይወጣል ብዬ ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

ስሙን ያወጣበት መንገድ የባለቅኔ ነው። ጣልያኖች ‹ሁሉ፣ ሙሉ› ለማለት ‹ቱታ› ይላሉ፤ በእነሱ አጻጻፍ መሀሉ ላይ ሁለት ‹ት› ትደረደራለች፣ ስትነበብም ትጠብቃለች። ልብሱ ጨርቁን ሁሉ የሚጠቀም፣ ገላን ሁሉ የሚሸፍን፣ ለሁሉ የሚሆን ነውና ታያት ቃሉን ወሰደው፤ ከሁለቱ አንዷን ‹ት› ግን ጣላት። የት ሄደች ቢባል፣ ልብሱ ራሱ ናት። ቱታውን ክንዱን ዘርግተው መሬት ላይ ሲያነጥፉት የላቲኗን ‹ቲ› ይመስላል። ከስሙ የጎደለችው ፊደል በጨርቁ ተገኘች ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆምሁ። የእኛ ፊደል ጥብቀትን አይጽፍም። ‹አለ› ላልቶ ሲነበብ ‹ተናገረ› ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ‹ይገኛል› ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ‹ቱታ› ብለን ስንጽፍ ልብሱም ‹ሁሉም› በሁለት ፊደል ውስጥ አብረው ተቀምጠዋል። ብናጠብቀው የሰውየው ሕልም፣ ብናላላው የመካኒኩ ልብስ። ታያት ፊደል ጥሎ የሠራውን ጨዋታ እኛ በትንፋሽ ብቻ እንሠራዋለን። ሰምና ወርቁን ሳይነግሩን ነው ቃሉን ስንለብሰው የኖርነው።

ኩታና ቱታ ደግሞ ቤት ይመታሉ። ይህን እንደ ዋዛ ነበር ያሰብሁት፤ እያደር ግን ቁም ነገር ሆነብኝ። ኩታ ከሸማኔው እንደ ወጣ ይለበሳል እንጂ በሰው ልክ አይቆረጥም። ረጅሙም አጭሩም፣ ቀጭኑም ወፍራሙም ያንኑ ኩታ ይደርባል፤ ልኩን የሚያወጣው መቀስ ሳይሆን አለባበሱ ነው። ለለቅሶ ሌላ፣ ለደስታ ሌላ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሌላ። ‹ለሁሉ የሚሆን ልብስ› የሚለው ሐሳብ ለአበሻ እንግዳ አይደለም። ታያት የፈለገው ግን ከዚህ የከበደ ነው፤ ለሁሉ የሚሆን፣ ነገር ግን ክንድና እግር ያለው ልብስ። ክንድና እግር ካለው ደግሞ የማን ክንድ፣ የማን እግር የሚል ጥያቄ ይመጣል።

በፍሎረንስ የሆነውም እንደ ታሰበው አልነበረም። ቱታን ቀድመው የተሻሙት የከተማዋ ሀብታሞችና የጥበብ ወዳጆች ነበሩ። ቃሉ ግን ከነዳፊው ቅድ የበለጠ ዕድሜ አገኘ። ዛሬ በጣልያን ‹ሰማያዊ ቱታዎች› ሲባል የፋብሪካ ሠራተኞች ማለት ነው። ዞሮ ዞሮ ወደ ታሰበለት ሰው ቤት ገባ። እኛም ዘንድ ቱታ ሲባል የሚታየን ጋራዡና ፋብሪካው፣ ከዚያም የስፖርት ሜዳው ነው።

ወጥ ልብስ ያማራቸው ጣልያኖች ብቻ አልነበሩም። በሞስኮ አሌክሳንደር ሮድቼንኮ በ1922 የራሱን የሥራ ልብስ ነድፏል (የሰፋችው ሚስቱ ቫርቫራ ስቴፓኖቫ ናት፤ ነዳፊው በዓረፍተ ነገሩ መሀል፣ ሰፊዋ በቅንፍ የሚቀመጡበትን ምክንያት አክስቴ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል)። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ‹ጃምፕሱት› የሚሉት ከአውሮፕላን በፓራሹት ከሚዘልሉት ሰዎች ወስደው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዊንስተን ቸርችል የግንበኞችን ቱታ የመሰለ ልብስ ይለብሱ ነበር፤ ከፊሉ የከፋይ ነው፤ የለንደን ባለሙያዎች በሆዳቸው ልክ አሳምረው ሰፍተውላቸዋል። አብዛኛው ሰው ለቅዱ ይታዘዛል፤ ለጥቂቶች ቅዱ ይታዘዝላቸዋል።

የእኔ ቅድ የተሠራው በካላንደር ጀርባ ላይ ነው። ባንክ ቤት የሚሠራ ሰው የግድግዳ ካላንደር አያጣም። የታያትን ሥዕል ኮፒ ቤት አሳትሜ፣ በማስመሪያ እያሰላሁ፣ ያለፉ ዓመታት ካላንደሮች ጀርባ ላይ አሳደግሁትና ወረቀቶቹን በፕላስተር አያያዝኋቸው። ቁጥር ልማዴ ነውና ስሌቱ አላስቸገረኝም። እንዲያውም ተኩራራሁ። ከመርካቶ የገዛሁትን ሰማያዊ ካኪ ዘርግቼ ልቆርጥ ስል እትዬ እጄን ያዙኝ። መጀመሪያ በአቡጀዲ። «አቡጀዲ ይቅር ይላል፤ ካኪ አይምርም» አሉ። እሺ ብዬ በሳሙና ቁራጭ አሰመርሁ፣ ቆረጥሁ፣ በረጃጅሙ በእጄ ጠቀምሁት።

ለበስሁት። ቆሜ ሳለሁ ምንም አይል። ክንዴን ዘርግቼ ‹ቲ› ሆንሁ፤ ያምራል። ክንዴን ወደ ላይ ሳነሣ ግን ሱሪው አብሮኝ ተነሣና ቁርጭምጭሚቴ ወጣ። «በል አሁን ቁጭ በል» አሉ እትዬ። ልቀመጥ ስል ልብሱ ከታች በጭኖቼ መሀል፣ ከላይ በትከሻዬ ያዘኝ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። «ቁጭ በል እንጂ፣ ሥራህ ቁጭ ብሎ አይደለም እንዴ?» ተጫንሁና ተቀመጥሁ። አቡጀዲው ከጀርባዬ ጧ ብሎ ተቀደደ። የሱቁ ደንበኞች ሳቁ። የዚያን ዕለት ማታ በካላንደሩ ቁራጭ ላይ ይህን ጻፍሁ፤

በሰው ልክ ተሰፍቶ ስለብሰው ኖሬ
በራሴ ልክ ሰፋሁ፣ ጠበበኝ ዛሬ።

ይህ የእኔ ብቻ ጣጣ አይደለም፤ ከቅድ ታሪክ ጋር አብሮ የኖረ ጣጣ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሴቶች መጽሔቶች ቅድ ሲያትሙ፣ ወይ በአንድ ልክ፣ ወይ እንደ ተሐዋስያን አሳንሰው ነበር። አሳድጎ በራስ ገላ ልክ ማዋል የአንባቢዋ ፈንታ ነው። በማሳቹሴትስ፣ ስተርሊንግ በምትባል መንደር፣ ኤቤኔዘር በተሪክ የሚባል ልብስ ሰፊ በ1863 በየልኩ የተዘጋጀ የወረቀት ቅድ መሸጥ ጀመረ። ሐሳቡ የተወለደው ሚስቱ ኤለን ለልጃቸው ስትሰፋ ቅዶቹ ሁሉ አንድ ልክ መሆናቸው አማርሯት ነው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ዓለም በቁጥር ለበሰ፤ 38፣ 40፣ 42። ታላቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን 40 ቁጥር የሚባል ሰው እስከ ዛሬ አልተወለደም።

እትዬ ነገሩን ያስረዱኝ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ሸሚዝና ሱሪ ሲለያዩ ወገብ ላይ በር አለ፤ ጎንበስ ስንል ሸሚዙ ይወጣል፣ ሱሪው ይወርዳል፣ ገላም ይተነፍሳል። በቱታ ያ በር ተዘግቷል። ስለዚህ በቱታ ዋናው ልክ ደረትም ወገብም አይደለም። ሜትሩን ከትከሻዬ አስነሥተው፣ በደረቴ አውርደው፣ በጭኖቼ መሀል አሳልፈው፣ በጀርባዬ አውጥተው ወደ ተነሣበት ትከሻ መለሱት፤ 166 ሳንቲ ሜትር። የካላንደሩ ቅድ በዚያው መንገድ ሲለካ 160 ሆነ። በ6 ሳንቲ ሜትር ጉድለት ነበር ስታገል የዋልሁት። እኩል ቢሆንም አይበቃም፤ ለመቀመጫና ለማጎንበሻ 7 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ያሻል። በጠቅላላው 13። «ከፊት ስድስት፣ ከኋላ ሰባት» ብለው ፈረዱ። ከኋላ ለምን እንደ በለጠ ብጠይቅ ጀርባዬን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው፣

«ብር ስትቆጥር ጎብጠሃላ!» አሉኝ።

ከዚያ ካላንደሩን ወገቡ ላይ በመቀስ ለሁለት ከፈሉት። ክው አልሁ። ሁለት ሌሊት ሙሉ ያሰመርሁት ነበር። ቁራጮቹን አራርቀው በመሀላቸው ሌላ ወረቀት ገጠሙ፤ ከፊት ስድስት፣ ከኋላ ሰባት። ክንድ ሲነሣ ልብሱን ሽቅብ እንዳይጎትተው በየብብቱ ሥር አራት ማዕዘን ቁራጭ እንዲገባ ምልክት አደረጉ። የቀኝ ትከሻዬ ከግራው ዝቅ ያለ መሆኑን የነገሩኝም ያን ዕለት ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ አላውቅም ነበር። የታያት ቀጥተኛ መስመሮች አንድ በአንድ ጎበጡ፣ ተሰበሩ። ስንጨርስ ቅዱ እኔን መሰለ እንጂ ‹ቲ›ን አልመሰለም።

እየሠሩ ስለ ደርግ ጊዜ አጫወቱኝ። በወጣትነታቸው ለካድሬዎች የካኪ ልብስ ይሰፉ ነበር። ጨርቁ አንድ፣ ቅዱ አንድ፣ የኪሱ ቁጥር አንድ። ማንም ከማንም እንዳይለይ ነው የተባለው። «ማታ ማታ ግን እየተደበቁ ይመጣሉ» አሉኝ፣ «አንዱ ወገቡን አጥብቢልኝ፣ አንዱ ትከሻውን አንሺልኝ፣ አንዱ ለሆዴ ልቀቂልኝ ይላል። ካኪው አንድ ነበር፤ ሆዱ አንድ አልነበረም።» በመንግሥት መቀስ የተቆረጠውን በእሳቸው መርፌ ሲያስተካክሉ አደሩ ማለት ነው። በታሪክ መጻሕፍት ይህ አይገኝም።

ታያት ራሱ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከ1919 ጀምሮ ለፓሪሷ ልብስ ነዳፊ ለማድሌን ቪዮኔ ይሠራ ነበር፤ የቤቷን ዓርማ የነደፈላት እሱ ነው። ቪዮኔ ጨርቁን በትንሽ የእንጨት አሻንጉሊት ላይ እያለበሰች፣ ከክሩ አቅጣጫ አሻግራ እየቆረጠች፣ ጨርቁ ገላን ተከትሎ እንዲወርድ ያደረገች ሴት ናት። በአንድ እጁ ከገላ ጋር ለሚፈስስ የጥቂቶች ልብስ ያግዛል፤ በሌላው እጁ በማስመሪያ የሚሰመር የሁሉ ልብስ ያወጣል።

ካኪውን በአዲሱ ቅድ ከቆረጥሁ በኋላ ነው ስለዚህ ሰው ቀሪ ሕይወት ያነበብሁት። ቀድሜ ማንበብ ነበረብኝ። ታያት በ1929 ከማሪኔቲ ጋር ተዋውቆ ፊውቱሪስት ከሚባሉት የጥበብ ሰዎች ጋር ተቀላቀለ። በዚያው ዓመት ‹ዱክስ› የተባለ ሐውልት ሠራ። የሙሶሊኒ ራስ ነው፤ ሰውነቱ ተጠርጎ የወጣለት፣ የብረት ቁር የደፋ የሚመስል፣ ለስላሳና ቀዝቃዛ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የዚያ ራስ ባለቤት ሠራዊት መረብን ተሻገረ። የመርዝ ጋዙ፣ የካቲት 12፣ አምስቱ ዓመት ተከተለ። ይህን ለአማርኛ አንባቢ መዘርዘር አያስፈልገኝም።

ግማሹ የተሰፋ ቱታ በእትዬ ሱቅ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ሁለት ሳምንት ከረመ። አልሄድሁም። ቅዱን በጋዜጣ ለድሃ የሰጠው እጅና ያን ራስ የቀረጸው እጅ አንድ መሆናቸው እንቅልፍ ነሣኝ። ክፉው ሐሳብ ይህ ነበር፤ ምናልባት ሁለቱ ሥራዎች አይጣሉ ይሆን? ለሁሉ አንድ ልብስ ያለ ሰው፣ ለሁሉ አንድ ራስ ቢል ምን ይገርማል? በቀጥታ መስመርና በንጹሕ ቅርፅ መውደድ የሰውን ጉብጠት መጥላት ቢሆንስ?

በሦስተኛው ሳምንት እትዬ ስልክ ደወሉ። ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው። ከመኪናዋ ቀና ሳይሉ አዳመጡኝና፣

«ካልሲም የእነሱ ነው ብለኸኝ አልነበረም?»

«ነው እትዬ።»

«ታዲያ አውልቀዋ።»

ሳቅሁ፤ መልሱ ግን አላረካኝም። ካልሲ አባት የለውም፤ ቱታ አለው። ስለዚህ በስልኬ የ‹ዱክስ›ን ሥዕል አውጥቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውርደው ብዙ ጊዜ አዩት። ልብስ ሰፊ እንደሚያይ ነው ያዩት፣ ከአንገቱ ጀምረው።

«ይሄስ ለማን ልክ ነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ወደ ቤቴ እየሄድሁ ግን አንድ ነገር ተለየልኝ። ያ ራስ ማንም እንዲነካው አልተሠራም። አይቆረጥም፣ አይጨመርበትም፣ ለጎባጣ ከኋላ ሰባት ሳንቲ ሜትር አይለቅም። ቆሞ ይታያል እንጂ። ቅዱ ግን ከነዳፊው እጅ ወጥቶ በጋዜጣ ሲበተን፣ መቀሱ የአንባቢው ሆነ። በፍሎረንስ ሰገነቶች ሥር ስንት ሴት ወገቡን ለሁለት ቆርጣ ወረቀት ገጥማበት ይሆን? ታያት ያንን መከልከል አይችልም ነበር፤ ደግሞም አልከለከለም። በሃያ ስድስት ዓመቱ ለሰው የሰጠው በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ከሠራው ይበልጣል፤ የሚበልጠውም ስላልጨረሰው ነው። ሰውየውን ይቅር ማለቴ አይደለም። በ1959 ሞቷል፤ ይቅርታዬን የጠየቀኝም የለም። ቱታውን ግን ጨርሼ መልበስ እንደምችል ወሰንሁ።

ጨረስሁት። ስፌቱ የግራው እግር ላይ ትንሽ ይዋዥቃል፤ እትዬ ሊፈቱት ፈልገው ነበር፣ እምቢ አልሁ። ክንዴን ሳነሣ ሱሪው ቦታው ላይ ይቀራል። ስቀመጥ አያንቀኝም፤ ይህን ጽሑፍም እሱን ለብሼ ነው የጻፍሁት። ወደ ሥራ ለብሼው ለመሄድ ግን ድፍረቱ የለኝም፤ ባንክ ቤት ክራባት ግድ ነው።

ባለፈው እሑድ እትዬ ሱቅ ስገባ የካላንደር ቅዴ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። የጎረቤት ልጅ፣ ሞተር ብስክሌት የምትጠግን፣ ረጅም ልጅ ናት፣ እንደ እኔው ዓይነት ይሰፋልኝ ብላ መጥታለች። እትዬ ሜትሩን ከትከሻዋ አስነሥተው ዞረው መለሱት፤ 174። ምንም ሳይሉኝ መቀሱን አነሡና እኔ የገጠምሁትን ወረቀት መሀሉ ላይ ቆረጡት።